የእናንተው ነው

እሌኒን የሚያውቋት ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ቃሏ ቃል ነው። አሜሪካ፣ እሷ ባለችበት ከተማ፣ ከፌርፋክስ ሰፈር እስከ ኢንግልዉድ ያለ አበሻ ወረቀት ሲበላሽበት፣ ሰው ሲታመምበት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው። «እሌኒ ካለች አለቀ» ይባልላታል። እሷም ትሰማለች፤ ሰምታም እንዳልሰማች ትሆናለች፤ ውስጥ ውስጡን ግን እንደ ማር ይጥማታል። እንግዲህ ጉዷ የጀመረው ከዚሁ ከስሟ ነው።

ቀን ቀን ዌስትውድ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአስተማሪ ረዳት ናት። ልጇ ፍናን ገና ትንሽ ናት፤ አማርኛ ይነገራታል፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ውሃ አምጪ ስትባል ውሃውን ታመጣለች፣ አፏ ግን «ኦኬ ማም» ነው የሚለው። ይህ ነገር እሌኒን አንገበገባትና የዛሬ ሦስት ዓመት ብድግ ብላ የአማርኛ ቻርተር ትምህርት ቤት እንክፈት አለች፤ በመንግሥት በጀት የሚተዳደር፣ ክፍያ የሌለው፣ ሒሳቡንና ሳይንሱን እንደማንኛውም ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ከዚያ ላይ አማርኛና የአገር ወግ የሚያስይዝ። ሰው ሳቀባት። አንቺ ደግሞ፣ ለአማርኛ ማን ብር ይሰጣል ብለሽ ነው እያለ አሾፈባት። እሷ ግን አንዴ ከያዘች የምትለቅ ሴት አይደለችም።

የሳቁትን አፍ ያስያዘቻቸው ወደ ሰሜን ወስዳ፣ አንድ የእርሻ ሸለቆ ውስጥ ያለውን የህሞንግ ትምህርት ቤት ያሳየቻቸው ቀን ነው። ህሞንጎች ከላኦስ ተራሮች በጦርነት ተሰደው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ብዛታቸው ከእኛ ብዙም አይርቅ፣ ግን ትምህርት ቤት አላቸው። የሄዱት በጋሼ አብዱ ቫን ነበር። ጋሼ አብዱ የወሎ ሰው ናቸው፣ ስድሳን ያለፉ፣ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱ። ኢንግልዉድ ያለው የእኛ አገር ሙስሊም እሳቸው ሳይቀመጡ አይቀመጥም፣ እሳቸው ሳይቆርሱ አይቆርስም።

እዚያ ደርሰው ያዩትን ማመን አቃታቸው። ልጆቹ ጠዋት እንደ ማንም የአሜሪካ ልጅ ክፍልፋይ ሲሠሩ ቆይተው፣ ከሰዓት በራሳቸው ቋንቋ መጽሐፍ ያነባሉ፤ በሌላው ክፍል አያቶቻቸው የሚጠልፉትን ጥልፍ ይጠልፋሉ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የቀርከሃ ዋሽንት አነፋፍ ያስተምራሉ። ጋሼ አብዱ መስኮቱን ተደግፈው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ርእሰ መምህሯን፣ ሚስስ ሞዋ የሚሏትን ደቃቃ ሴትዮ፣ በእሌኒ አስተርጓሚነት አንድ ነገር ጠየቋት፤ የእናንተ ሰው ሃይማኖቱ አንድ ነው ወይ? ሚስስ ሞዋ ሳቀች። ግማሻችን ክርስቲያን ነን፣ ግማሻችን የጥንቱን የአባቶች እምነት የያዝን ነን አለች። አንድ ዓመት በበዓል ቀን ሳንጠይቅ የአንዱን ወገን ሥርዓት ለሁሉም ልጆች አድርገን ነበር፤ ወላጆች ተቀይመው ልጆቻቸውን አስቀሩብን፤ እነሱን ለመመለስ ያየነውን መከራ እኛ ነን የምናውቀው፤ ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ቤተሰቡን እንጠይቃለን፣ የገባነውንም ቃል እንጠብቃለን ብላ ነገረቻቸው።

ሲመለሱ ነዳጅ ሊሞሉ ቆሙ፤ ጋሼ አብዱ እሌኒን ለብቻዋ ጠርተው አናገሯት።

«ስሚ ልጄ፣ የእኛ ሰው የሚፈራውን ታውቂያለሽ። የአማርኛ ትምህርት ቤት ተብሎ ኋላ የቤተ ክርስቲያን እንዳይሆንበት ነው። አንድ ቀን ጥሪንና እንደ ወሎ ወግ አብዪን። ሰው ንግግር አይሰማም፣ ማዕድ ነው የሚያየው። ከዚያ ኢንግልዉድን እኔ አመጣልሻለሁ።»

እንደ ወሎ ወግ ማለታቸው ምን እንደሆነ ማንም አበሻ ያውቀዋል። ክርስቲያኑ ሲደግስ ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራና በጉንም ቢላዋውንም ይሰጠዋል፤ እሱ በወጉ ያርዳል፣ በራሱ ድስት ይሠራል፣ የራሱን ሰዎች ያበላል። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ። የአንዱ ሥጋ ለሌላው አይሆንም፤ ማዕዱ ግን በአንድ ግቢ ነው፣ ሳቁም አንድ ላይ ነው። እሌኒ ይህን ሰምታ ደስታ ሊገድላት ደረሰ። ምክንያቱም ያለ ኢንግልዉድ ወላጆች ፊርማ ትምህርት ቤቱ ሕልም ነበር፤ ለመጀመሪያው ዓመት ካሰበችው ልጅ የግማሹ ወላጆች ካልፈረሙ የትምህርት ቦርዱ ጥያቄውን ዞር ብሎም አያየውም። እሷ ያላት ፊርማ ደግሞ ለዚያ አይበቃም።

እናም ቃል ገባች። ፌርፋክስ ላይ ያለው የዮፍታሄ ሬስቶራንት አዳራሽ ለቅዳሜ ተያዘ። ለኢንግልዉድ ወላጆች በስልክ ድምፅ ላከች፤ ሥጋው ከራሳችሁ ሥጋ ቤት ነው፣ እኔው ራሴ ሄጄ ነው የማመጣው፣ ድስቱም አዲስ ነው አለች። ድስቶቹን በእርግጥ ገዛች። ትልልቅ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ሰው ያልነካቸው ድስቶች።

ዓርብ በምሳ ሰዓቷ ከዌስትውድ ኢንግልዉድ በረረች። ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። ለጁምዓ ሰላት ወጥተናል የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። መሪውን በመዳፏ መታችው። እስላም ጎረቤት መሃል ያደገች ሴት የዓርብ ቀትር ጁምዓ መሆኑ ይጠፋታል? ጠፋት። እስኪመለሱ እንዳትጠብቅ ሥራ አለ፤ ከሥራ በኋላ እንዳትመጣ ፍናንን ማን ያመጣታል፤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብላ ተመለሰች። ነገ ጠዋት ደግሞ ወንበር ማምጣት፣ ወረቀት ማባዛት፣ ለዚህ መደወል ለዚያ መደወል ሲባል ረፈደ። እኩለ ቀን ላይ ሬስቶራንቱ ስትደርስ ወጡ እሳት ላይ ነው።

ዮፍታሄ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ማካበድ ብቻ አይወድም። አንቺን ስጠብቅ ልሙት እንዴ፣ ከእኔው ሥጋ ጥጄዋለሁ አላት። የቱን፣ የሁሉንም? የሁሉንም። ደነገጠች። እሱ ማማሰያውን ይዞ ሳቀ፤ ማን ያውቃል፣ ሥጋ ሥጋ ነው፣ አሜሪካ መጥተን ደግሞ በግ እንለይ እንዴ አለ።

ገና ብዙ ሰዓት ነበር። ሄዳ መመለስ ትችል ነበር፤ ወጥ ባይደርስ ጥብስ ይደርሳል። ወይ ደግሞ ወጥታ፣ አልሆነልኝም፣ ዛሬ በሽሮና በጎመን ቻሉኝ ማለት ትችል ነበር። ማን ይቀየማታል? ግን «እሌኒ ካለች አለቀ» ተብሎ የለ! አልሆነልኝም የሚለው ቃል አፏ ላይ ሞተ። የቅዳሜውን መንገድ አሰበችው፣ ሰዓቷን አየች፣ አንድ ቀን ነው አለች በሆዷ። ከዚያ የሠራችው ነው የባሰው። አዲሶቹን ድስቶች አውጥታ ወጡን በገዛ እጇ ገለበጠችባቸው፤ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ ለይታ አስቀመጠችው። አይ እሌኒ!

እንግዶቹ መጡ። አዳራሹ ሞላ፤ ልጆች ወንበር ሥር ይሯሯጣሉ። ለብቻው ወደ ተቀመጠው ጠረጴዛ መጀመሪያ የመጣችው ሃጂራ ናት፤ ኤርፖርት ካለ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ፣ እሌኒን እንደ እህት የምትወድ፣ ትንሿን ልጇን ሳቢሪንን ከጉያዋ የማትለይ። ክዳኑን ከፈት አድርጋ ሽታውን ሳበችና፣ ተጠራጥራ ሳይሆን እንዲያው ለወጉ ያህል ጠየቀች።

«እሌኒዬ፣ የእኛ ነው አይደል?»

ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ቆሟል። ጋሼ አብዱም ከኋላ ናቸው። እሌኒ ፈገግ አለች።

«የእናንተው ነው።»

«እሌኒ ካለች ምን ቀረ» አሉ ጋሼ አብዱ። ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎንበስ ብለው ለሳቢሪን አጎረሷትና፣ ብሉ እንጂ ምን ትጠብቃላችሁ ብለው ለሌላው አዘዙ። ሰው በላ። ጣፈጠን ተባለ፣ ተጨመረ፣ ተሳቀ። እሌኒ ከራሷ ሳህን አንድ ጉርሻ አንስታ አልወርድ ብሏት መልሳ አስቀመጠችው።

ማዕዱ ሲነሳ ጋሼ አብዱ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። የወሎ ሰው ምርቃት ያውቅበታል። እሳቸው ደግሞ ረጋ ብለው፣ ቃል በቃል፣ ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው ነው የሚመርቁት።

«ቃልሽን እንደጠበቅሽልን አላህ ይጠብቅሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ። ልጅሽ ለወግ ለማዕረግ ትብቃልሽ። ሰው ፊት አትፈሪ።»

አዳራሹ በሙሉ አሚን አለ። እሌኒም አሜን አለች፤ ምን ትበል? ጆሮዋ ድረስ ነደደች። ከዚያ ወላጆቹ ተሰልፈው ፈረሙ፤ ፊርማው ሞላ፣ ተርፎም ቀረ። ከማድ ቤት በር ላይ ዮፍታሄ ጠቀሳት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለም። ድስቶቹን አጥባ አጥባ መጨረሻ ላይ አውጥታ ጣለቻቸው። ፍናን ላይ ያለ ነገር ትጮሃለች። እነሱ ሳያውቁ ነው የበሉት፣ ኃጢአት የለባቸውም እያለች ራሷን ልታታልል ትሞክራለች፤ ግን የማንን ዓይን ልትሸፍን ነው? እሷን እንዲህ አድርገው ቢያበሏት ኖሮ አገር ይያዝልኝ ባለች ነበር። በተለይ የሳቢሪን አፍ ይመጣባታል፤ ለጉርሻው እንደ ወፍ ጫጩት የተከፈተው አፍ። ለዮፍታሄ፣ ልነግራቸው ነው ብትለው፣ ሆድ ይፍጀው በይ፣ ቦርዱ ከወሰነ በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ አላት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ምክሩ ደስ አላት። ደስ ስላላትም ደግሞ አፈረች።

ከቦርዱ ስብሰባ በፊት ባለው እሑድ ጋሼ አብዱ ደወሉ። ብድር መላሽ አይደለንም እንዴ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ቤቴ ምሳ አለ አሏት። እሌኒ በዚህ ቆረጠች። ዛሬ ሳልናገር አልወጣም አለች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታሰናዳ ሄደች፤ «ጋሼ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ» ብላ ትጀምራለች፣ ከዚያ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ከዚያ የመጣውን ትቀበላለች። አፏ ላይ እንደያዘችው በሩን ገፋች።

ግቢው ውስጥ ሁለት እሳት ነድዷል። አንዱ ጋ የጋሼ አብዱ ቤተሰብ አለ። ሌላው ጋ ሸሚዙን የሰበሰበ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ጎልማሳ ቆሞ ድስት ያማስላል። ጋሼ አብዱ እጇን ይዘው ወደዚያ ወሰዷት። ይህ ዓለምሰገድ ነው፣ አብሮኝ ድራይቭ የሚያደርግ ልጅ ነው፣ የእናንተ ሰው ነው አሏት። ከከተማ ውጪ በግ አርቢ ጋ አብረው ሄደው ሁለት በግ ገዝተዋል። አንዱን እሳቸው አርደዋል። አንዱን ዓለምሰገድ በስመ አብ ብሎ አርዷል፤ ያውም እሳቸው በገዙለት አዲስ ቢላዋ። ድስቱ ከዓለምሰገድ ቤት መጥቷል፣ ሰሐኑም ከዚያ ነው፤ ወጡን የሠራችው ሚስቱ ናት።

«እኔ ቤት ድስት መች ጠፋ» አሉ ጋሼ አብዱ። «ግን የእኛ የተበላበት ነው፣ ላንቺ አይሆንም። አንቺ ለእኛ አዲስ ድስት ገዝተሽ የለ እንዴ? ታዲያ እኔ ከአንቺ ላንስ ነው?»

እሌኒ ቀልቧ ተገፈፈ። ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ላይ በነነ። እኚህ ሰው ጉልበታቸውን እየታመሙ እስከ በግ አርቢው ድረስ የሄዱት እሷን ላለማሳዘን ነው፤ እሷ ግን ለእሳቸው ኢንግልዉድ እንኳ መመለስ ከብዷት ነበር። ጎርሺ ተባለች፣ ጎረሰች። ዓይኗ እንባ ሲያቀር በርበሬው ነው አለች። በርበሬው ነው! ፍናን ከጋሼ አብዱ የልጅ ልጆች ጋር ግቢውን ታስሳለች፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይጯጯሃሉ፤ ጋሼ አብዱም ሰምተው፣ የሚቀጥለው ዓመት ይህን ጊዜ በአማርኛ ነው የሚጯጯሁት ኢንሻአላህ እያሉ ይስቃሉ።

ሲሸኟት በሩ ላይ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር…»

«አውቄዋለሁ» አሉ። እሌኒ ልቧ ቀጥ አለ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ በስብሰባው ላይ እንድናገር ነው አይደል የምትፈልጊው፣ እናገራለሁ፤ የእኔ እንግሊዝኛ የሻንጣና የተርሚናል ነው፣ ለእንዲህ ያለ ቁም ነገር አይሆንም፣ በአማርኛ እናገራለሁ፣ አንቺ ታስተረጉሚልኛለሽ፤ አብሽሪ አሏት። እሌኒም «እሺ» ብላ ሄደች። ፈሪ! መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘግታ ራሷን የሰደበችው በዚሁ ቃል ነው።

ስብሰባው መሃል ከተማ፣ የትምህርት ቦርዱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከፊት ከፍ ባለው መድረክ ላይ የቦርዱ አባላት ተደርድረዋል፤ ከታች የእኛ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የፌርፋክሱም የኢንግልዉዱም። ሃጂራ ሳቢሪንን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ሚስስ ሞዋ ያን ያህል መንገድ ነድታ መጥታ መሰከረች፤ ልጆቻችን በእንግሊዝኛውም ከማንም አያንሱም፣ የአያቶቻቸውን ቋንቋም አልጣሉም፣ እነዚህም ሰዎች ይችላሉ አለች። የቦርዱ አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሰብሳቢዋ አጠገብ ያለው ሰውዬ ግን አንድ ጥያቄ አነሳ፤ ማኅበረሰባችሁ የተለያየ ሃይማኖት አለው፣ ይህ ትምህርት ቤት የሁሉም ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለን አለ። ይህን ጊዜ ጋሼ አብዱ ተነሱ።

ኮታቸውን ቆልፈው ማይኩ ፊት ቆሙ። እሌኒ አጠገባቸው ቆመች። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ታስተረጉማለች።

ስሜ አብዱ ነው አሉ፤ አስተረጎመች። ወሎ ከሚባል አገር የመጣሁ ሙስሊም ነኝ፣ የልጅ ልጆቼን ለዚህ ትምህርት ቤት አስፈርሜአለሁ አሉ፤ አስተረጎመች። ድምፅዋ ደህና ነበር።

«ሰውዬው ማረጋገጫ አለ ወይ ብለው ጠየቁ» አሉ ከዚያ። «አለ። በእኛ አገር የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላም፤ የሚያከብርህ ሰው ለይቶ ያበላሃል። ይህች ሴት ክርስቲያን ናት። የእኛን ሥጋ ከእኛው ሥጋ ቤት ገዝታ፣ በአዲስ ድስት ሠርታ፣ ለይታ አበላችን። ሆዳችንን ያመንናትን ሴት ልጆቻችንን እንዴት አናምናትም? ማረጋገጫዬ እሷ ናት።»

ብለው ወደ እሷ ዞሩ። አዳራሹም ወደ እሷ ዞረ።

እሌኒ አፏን ከፈተች። ምን እንደሚባል በእንግሊዝኛ ታውቀዋለች፤ ቃላቱ ተደርድረው ቀርበውላታል። በራሷ አፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የራሷን ውሸት እንደ ምስክር ቃል ማቅረብ ነው የቀራት። ቢያንስ አሳጥራ፣ ሥጋውን ዘልላ፣ ያምኑናል ብቻ ብላ ልታልፈው አሰበች። ቀና ስትል ሃጂራን አየቻት፤ ሃጂራ ፈገግ ብላ፣ በይ እንጂ በምትል ዓይን ታያታለች። እሌኒ ዘልላ ማለፉን ተወችው።

ወደ ጋሼ አብዱ ጎንበስ አለች። ለእሳቸው ብቻ የምትናገር መስሏት ነበር፤ ማይኩ ግን አፏ ሥር ነው።

«ጋሼ፣ የእናንተ አልነበረም።»

«ምኑ?»

«ሥጋው። የዮፍታሄ ቤት ሥጋ ነው ያበላኋችሁ። አውቄ ነው።»

ቃሉ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ወጣ፤ ጥርት ብሎ፣ በአማርኛ። ከታች ያለው የእኛ ሰው ሁሉ ሰማው። ሃጂራ መጀመሪያ ያልገባት ይመስል ዙሪያዋን አየች። ቀጥላ ሳቢሪንን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገቻትና በሻርፗ ጫፍ የራሷን አፍ ያዘች። አንድ ሰው «ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ። መድረኩ ላይ ያሉት ደግሞ ምንም አልሰሙም፤ ሰብሳቢዋ በትሕትና ፈገግ ብላ፣ አስተርጓሚዋ ሰውዬው ያሉትን ብትነግረን አለች።

ጋሼ አብዱ ፊታቸው አመድ መሰለ። እሌኒን አይተው፣ መድረኩን አዩ። ምንም ማለት ይችሉ ነበር። ውሸታም ናት ማለት ይችሉ ነበር፤ ያችን ያህል እንግሊዝኛ አላቸው። ሰዎቹን አስነስተው መውጣትም ይችሉ ነበር። ማይኩን በእጃቸው ወደ ራሳቸው መለሱት። ከዚያ በዚያችው በሻንጣና በተርሚናል እንግሊዝኛቸው፣ ቃል እየፈለጉ፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው አሉ። ፈርመናል፣ ልጆቻችን ይመጣሉ አሉ። አስተርጓሚዬ አሟታል፣ ይቅርታ አድርጉልን፣ አመሰግናለሁ ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለእሷ ብለው ይቅርታ ጠየቁ! እሌኒ እንደቆመች ቀረች፤ አንድ የቦርዱ ሠራተኛ ውሃ አምጥታ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት።

ድምፅ ተሰጠ። አለፈ። የሦስት ዓመት ልፋት በጥቂት እጅ ማውጣት አለቀ። ሚስስ ሞዋ ብድግ ብላ አጨበጨበች፣ መጥታም እሌኒን አቀፈቻት፣ እንኳን ደስ አለሽ አለቻት። ከእኛ ሰዎች መሃል ጥቂት የፌርፋክስ ሰዎች አጨበጨቡና ሌላው ዝም ማለቱን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ውጪ፣ ቫኑ ፓርክ የተደረገበት ቦታ፣ የኢንግልዉድ ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል። አይጮሁም፣ አይሳደቡም። ቢሰድቧት ምንኛ በቀለላት! ሃጂራ ልጇን ታቅፋ በአጠገቧ አለፈች፤ ፊቷን አላዞረችም፣ አላየቻትምም። እሌኒ ስሟን ልትጠራ ብላ ተወችው። ሁሉም ቫኑ ውስጥ ሲገቡ ጋሼ አብዱ ብቻ ውጪ ቀሩ። ቀስ ብለው ወደ እሷ መጡ።

ያን ጊዜ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ምን ይሁን? ይቅርታ አይደለም። ለምን እንደሆነ ኋላም ለራሷ መመለስ አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ፊርማችሁን ታነሳላችሁ?» አለች።

ጋሼ አብዱ እንዲህ ብላ ትጠይቀኛለች ብለው ያልጠበቁ ይመስላሉ።

«እኔ ሳላውቅ ነው የበላሁት፤ እሱን አላህ ያውቀዋል» አሉ። «ሌላውን ግን ብሉ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ቫኑ ውስጥ ገብቼ ምን እንደምላቸው አላውቅም። በፈረንጅ ፊት ገመናሽን ያላወጣሁት ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። የሁላችን ገመና ስለሆነ ነው።»

«ጋሼ…»

«ፊርማችንን አናነሳም። ልጆቹ ይመጣሉ። አማርኛውን አስተምሪያቸው፤ እሱን ታውቂበታለሽ። ምሳቸውን ግን ከየቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ውሃም ሳይቀር።»

ይህን ብለው ወደ ቫኑ ሄዱ። እሌኒ «እሺ ጋሼ» አለች፤ ይስሟት አይስሟት አላወቀችም።